ድሬዳዋን በባቡር ነው ያወቅኋት

የእናቴ ታናሽ ወንድም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታችን መጥቶ ይህን ሳይሰማ የሄደ እንግዳ የለም፤ እናቴ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ትናገረዋለች። «ወንድሜ እኮ ድሬዳዋ ነው፤ ምድር ባቡር።» ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚከፈለው ብትጠየቅ መልስ የላትም። የሚጠይቃትም የለም። በዚያን ዘመን «ምድር ባቡር» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይፈለግም፤ ሰውየው ሰው ሆኗል ማለት ነው።

ለእኛ ለልጆቹ ግን አጎቴ ማለት ለፋሲካ የሚመጣ ካርቶን ነው። ሐላዋ፣ ቴምር፣ ለእናቴ ሽቶ፣ ለአባቴ ሽርጥ። አባቴ ያንን ሽርጥ በአዲስ አበባ ብርድ አንድም ቀን ሲያገለድም አላየሁትም፤ ቢሆንም በየዓመቱ አዲሱን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበልና ከአምናው ላይ ይደርበዋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ «ልጁ ይምጣና ድሬን ይይ» የሚል መልእክት ደረሰን። አደራ የተሰጠሁት ለአንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ ነበር። ደልደል ያለች፣ ወርቅ ጥርስ ያላት፣ ድምፅዋ ከሦስት ፉርጎ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። እትዬ ነበር የምላት። ለገሃር ጣቢያ ስንገናኝ እናቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አደራሽን» ስትላት፣ «አቦ አታልቅሺ! ልጁ ወደ ጦር ሜዳ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብላ እጄን ጎትታ ወደ ባቡሩ አስገባችኝ። «አቦ» የምትለዋን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ።

ገንዘብ ያለው በፈጣኑ ኦቶራይ ይሄዳል። እኛ የተሳፈርነው በተራው ባቡር፣ በሦስተኛ ማዕረግ፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። ባቡሩ አይቸኩልም። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት። እስከዚህ ድረስ አገሩ የማውቀው አገር ነው፤ የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው። ከወለንጪቲ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። መተሃራ ላይ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ሐዲዱ በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ መሃል ያልፋል። ያንን ሳይ ድንጋዩን ሆን ብሎ ያቃጠለው ሰው ያለ ነበር የመሰለኝ። አዋሽ ላይ ገደሉን በብረት ድልድይ ስንሻገር እትዬ «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ፤ እሷ ራሷ ጨፍና ስለነበር እንዳልጨፈንኩ አላየችም።

የጣቢያዎቹን ስም እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል እወጣቸዋለሁ፤ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። በየጣቢያው የሚሸጠው ነገር ይለያያል። አንዱ ጋ የግመል ወተት በመስኮት ይቀበላሉ፤ ኤረር ሲደርሱ ደግሞ መንደሪንና ብርቱካን ነው። ሻጮቹ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላም እየሮጡ መልስ ያቀብላሉ። መልሱን ይዞ የቀረ አላየሁም፤ ገንዘቡን ሳይሰጥ የቀረ ተሳፋሪ ግን አይቻለሁ።

ድሬዳዋ የደረስነው ሌሊት ነው። ከባቡሩ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሙቀት የፀሐይ ሥራ ነው ብዬ ለማምን ልጅ በሌሊት ማላብ ትልቅ እንቆቅልሽ ነበር። አጎቴ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ሆኖ መድረኩ ላይ ይጠብቀናል። አዲስ አበባ ሲመጣ ኮትና ክራቫት የማይለየው ሰው! ለካስ የቤታችን ሽርጦች ከዚህ ነው የሚመጡት።

በማግስቱ ከሠፈሩ ልጆች ጋር ተዋወቅሁ። ስሜ ወዲያው «ደገኛው» ሆነ። እኔ «ጋሼ» ሳልል አፌን የማልከፍትለትን አጎቴን እነሱ በባዶ ስሙ ይጠሩታል፤ እሱም ዘወር ብሎ «ወይ» ይላል። ኳስ ሲጫወቱ በአማርኛ ይጀምራሉ፣ በኦሮምኛ ይሰዳደባሉ፣ ሲጣሉ በሶማልኛ ይገላገላሉ። አንዳቸውም ቋንቋ እየቀየሩ መሆናቸውን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ይህች ከተማ እንዴት እንደዚህ ሆና እንደተፈጠረች የሰማሁት ከሰዓት በኋላ፣ በአጎቴ ግቢ በርጫ ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ይሰበሰባሉ፤ ፍራሽ ይነጠፋል፤ የአጎቴ ሚስት ሻይ ታመላልሳለች፤ እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ጫቱ እየሞቀ ሲሄድ ጨዋታው ሁልጊዜ ወደ ምድር ባቡር ታሪክ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚያወሩት። ኋላ ላይ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ዋናው ነገር ልክ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከከሰል ነው። ፈረንሳዮች በቀይ ባሕር አፍ ላይ ቦታ የፈለጉት፣ ወደ ኢንዶቻይና የሚያልፉ መርከቦቻቸው ከሰል የሚሞሉበት አጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ከቻይና ጋር በተዋጉ ጊዜ እንግሊዞች ኤደን ላይ ከሰል ነፈጓቸው። ፈረንሳዮቹም ኦቦክ ላይ ሰፈሩ፤ ቀጥለው የተሻለ ወደብ ወዳላት ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። የከሰል ክምር ያለበት ወደብ መጣና ባቡርን አስከተለ። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ለ99 ዓመት። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኖ የኢልግ ሸሪክ ነበር። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ አባይ ይደርሳል። ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ።

የመጀመሪያውም ቢሆን ሐረር አልደረሰም። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን ሲያቋርጥ ከርሞ ከተራራው ሥር ደረሰ። ሐረር ያለችው ላይ ነው። ሐዲድን እዚያ ገደል ማውጣት የሚበላው ገንዘብ ሲሰላ ኩባንያው የሚችለው አልሆነም። ስለዚህ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ድሬዳዋ በተባለችው ቦታ ቆመ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። የበርጫው ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ የሐረር ሰው ካለ ዞር ብለው ያዩታል። ሐረር ዘመናት ያስቆጠረች ከተማ፣ ግንብ ያላት፣ ባለ አምስት በር ናት፤ ባቡሩ ግን በሯን ሳያንኳኳ አለፈ። አንድ ሐረሬ ጡረተኛ ለዚህ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረችው፦ «እኛ ጭስ አንወድም።»

ቀጥሎ ደግሞ ገንዘብ ጠፋ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ መንግሥታት ተነታረኩበት፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሙሉው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ለድሬዳዋ ትልቁ ዕድል ያ መጓተት ነበር ባይ ነኝ። ለብዙ ዓመታት የመስመሩ ጫፍ እሷ ነበረች፤ ከባቡር የወረደ ዕቃ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚያ ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ መጋዘኑን ከፈተ፤ ኩባንያውም ትልቁን የጥገና ሥፍራውን እዚያው ተከለ። ሐዲዱ በቶሎ ወደ አዲስ አበባ አልፎ ቢሄድ ኖሮ ድሬዳዋ እንደ አፍደም ባቡር ቆሞ ውኃ የሚቀዳባት ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር። ፈረንሳዮቹ ከዚራ የሚባለውን ሠፈር በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ቀየሱ። የመጋላ ሠፈር ደግሞ ከደቻቱ ማዶ ማንም ሳይቀይሳት በራሷ መንገድ አደገች፤ በእኔ ግምት ከሁለቱ የበለጠ ሕይወት ያለው እሷ ጋ ነው።

አጎቴ የሚሠራው በዚሁ የጥገና ሥፍራ፣ በአትሊዬው ነው። ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛውን አስፈቅዶ ይዞኝ ገባ። ከውጭ ሲታይ ረጅም ጣሪያ ያለው ተራ መጋዘን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌላ አገር ነው። ማሽኖቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ገሚሶቹ በአያቶቻችን ዘመን ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። ወለሉ በዘይት ጠቁሯል። በአንድ በኩል ብረት ይቀልጣል፣ በሌላው ይቀጠቀጣል፣ በሌላው ይበየዳል፤ ሎኮሞቲቮቹ መንኮራኩራቸው ወልቆ በግንድ ላይ ተቀምጠዋል። በእንፋሎት የሚሄዱት በ1940ዎቹ የናፍጣዎቹ ሲመጡ ቦታ ለቀዋል፤ ሆኖም ሽማግሌዎቹ ያኔም ናፍጣውን እንደ አዲስ ገቢ ነበር የሚያዩት።

አጎቴ የዚያን ቀን ቡሎን ነበር የሚሠራው። ቡሎን ሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። የተሰበረውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ክንዴን ያክላል፤ አዘነበለኝ። «ፈረንሳይ ጻፍን» አለኝ። «ይህን መሥራት ካቆምን ቆየን አሉን። እኛ አላቆምንም።» ከዚያ ከኪሱ በቅባት የረጠበ ደብተር አወጣ። በየገጹ የዕቃው ሥዕል በእርሳስ ተሥሏል፤ ከጎኑ ልኩ በሚሊሜትር፣ ስሙ በፈረንሳይኛ፣ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ። አንዱ ገጽ ላይ «ይህ ሲግል ይሰፋል፣ ሳይበርድ እንዳትለካ» የሚል አነበብኩ። ፈረንሳይኛውን ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ከእሱ በፊት ከነበሩት፣ እነሱም ከፈረንሳዮቹ፣ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው።

ብረቱን ቶርኖው ላይ አሠረው፤ ማሽኑን አስነሣ። መቁረጫውን ሲያስጠጋ ብረቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ መውደቅ ጀመረ፤ ትኩስነቱ ሰማያዊ አድርጎታል። አንዱን ለማንሣት ጎንበስ ስል ሳያየኝ «ተው!» አለ። ዓይኑን ከብረቱ አላነሣም። በየጥቂቱ ማሽኑን ያቆማል፣ ይለካል፣ በጣቱ ይዳብሳል፣ ደግሞ ይቀጥላል። መለኪያው ልክ ነው ካለው በኋላም በአውራ ጣቱ ሳይዳብስ አያምንም። ጥርሱን ቆርጦ ሲጨርስ ዳዶውን አምጥቶ ጫፉ ላይ አስቀመጠና በአንድ ጣት ገፋ አደረገው። ዳዶው ራሱን ችሎ እየተሽከረከረ እስከ ታች ወረደ። አጎቴ ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ቆይቶ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገብቼ ወጥቻለሁ፤ በሥራው እንደዚያ የረካ ሰው ፊት ብዙ አላየሁም።

ሌላው የዚያ ክረምት መምህሬ ደቻቱ ነው። ወንዝ ይሉታል፤ እኔ የማየው ግን አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ አህያ ይጫንበታል፣ እኛ ኳስ እንጫወትበታለን። አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ልጆቹ በድንገት ኳሱን ትተው ወደ ዳር ሮጡ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዝናብ ሳይኖር ጎርፍ የለም ባይ፣ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ተመልሶ በአንገቴ ይዞ ጎተተኝ። ብዙ ሳይቆይ ቡናማ ውኃ ግንድና በርሜል እያንከባለለ መጣ። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ፣ ያው ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል ዜናውን በሬዲዮ የሰማሁት እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ነው።

እትዬንም እንደገና አየኋት። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር የሚገባበት ቀን ጣቢያው ገበያ ይሆናል። ወደዚያ ጫት ይሄዳል፤ ወደዚህ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮ፣ ሲጋራ ይመጣል። የጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ ፊናንሶቹ፣ መድረኩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ባቡሩ ግን ሽንሌ አካባቢ ቀስ ማለቱ አይቀርም፤ ዋናው ሥራ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ከታች የሚቀበለው ሰው ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። እትዬ ከባቡሩ ስትወርድ ስትሄድ ካየኋት በእጥፍ ወፍራለች። አምስት ልብስ ደራርባ ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊናንሱን «አቦ፣ አሞኛል፣ አሳልፈኝ» ትለዋለች። እሱም ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። አየችኝና ጠቀሰችኝ። ሕግ መጣሱን እዚህ ላይ አላመሰግነውም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ከከተማው ቤቶች ስንቱ በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ቆሞ እንደነበር የድሬ ሰው ያውቀዋል።

በርጫው ላይ ብዙ የማይወራ ነገርም ነበር። በ1969 ነሐሴ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ መስመሩ ተቆርጧል፣ ድልድዮች ፈርሰዋል። ስለዚያ ትንሽ ትንሽ ያወራሉ። እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ በጥር 1977 ዓ.ም.፣ አዋሽ አቅራቢያ ኩርባ ላይ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አጎቴ ፉርጎዎቹን ለማንሣት ከተላኩት አንዱ ነበር። ስለዚያ ሰሞን እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም።

ምድር ባቡር የተዳከመው በአንድ ቀን አይደለም። ሐዲዱ አረጀ፣ መኪና ገበያውን ወሰደ፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ገንዘብ አጠራቸው። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ የሚነሣው ባቡር ቀረ። ከጅቡቲ በኩል ያለው እየተነሣ እየወደቀ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አዲሱ መጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ቻይኖች የሠሩት፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው። በእሱም ሄጃለሁ። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዕቃ ከጅቡቲ ለማምጣት አሮጌው ጨርሶ አይወዳደረውም። የድሮው ይሻል ነበር የሚል ሰው ሦስተኛ ማዕረግ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ነው። ነገር ግን አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ወርደው ባጃጅ ይፈልጋሉ። ባቡሩና ድሬዳዋ ዛሬ የሚተያዩት ከሩቅ ነው። ሐዲዱም ይሰፋል፤ አሮጌው አንድ ሜትር ነበር፣ አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። አጎቴ የቆረጠው ቡሎን አንዱም እዚያ አይገባም።

አሮጌው አትሊዬ ግን አሁንም አለ፤ ከማሽኖቹ ብዙዎቹም እንዲሁ። ባለፈው ስሄድ ከዚራ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ጡረተኞች ጋር ሻይ ጠጣሁ። ሎኮሞቲቭን በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው የሚለዩ ሰዎች ናቸው። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ ያነሣቸዋል። ሥራቸውን ግን ማን መዘገበው? ሙዚየም ይሠራ የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ብረቱ ዝገት እንጂ ሞት የለበትም፣ ሊጠብቅ ይችላል። ሰዎቹ አይጠብቁም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ የምድር ባቡር ሰው ከነበረ፣ አጠገቡ ተቀመጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅረጹት። የሆድ የሆዱን አይደለም፤ ሥራውን ጠይቁት። ምን ነበር የምትቆርጠው፣ በምን ነበር የምትለካው፣ ማን አስተማረህ በሉት። የአጎቴን ደብተር ልጁ በየገጹ ፎቶ አንሥታ አስቀምጣዋለች። እንደዚያ ያለ ቅባት የጠጣ ደብተር ሣጥናችሁ ውስጥ ካለ አትጣሉት፤ ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አሳዩት።